«ያልወጣውን ስልክ በዓይኔ አየሁት» የሚል ሲመጣ፦ ከማመን በፊት የሚደረግ ምርመራ

በሱቄ ግድግዳ ላይ፣ ቻርጀሮቹ ከተሰቀሉበት ከፍ ብሎ፣ አንድ ምስማር አለ። እዚያ የተንጠለጠሉት ካቨሮች ለማንም ስልክ አይሆኑም። ጥራታቸው አይከፋም፤ ቀለማቸውም ያምራል። የካሜራ ቀዳዳቸው ግን የትኛውም ስልክ ካሜራውን ያላስቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ስልኩ ገና ሳይወጣ «ቅርጹ ታይቷል፣ ይኸው» ያሉትን አምኜ 40 ፍሬ ከመርካቶ ያስጫንኩት እኔ ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ከማንም ቀድሜ ልሸጥ። ስልኩ ሲወጣ ካሜራው ሌላ ጥግ ሄዶ ተገኘ። አቅራቢው ጋ ደውዬ ባማርር «ያዘዝከኝን ነው የላክሁ» አለኝ። ምን ይባላል?

ባለፈው የገበያ ቀን ደግሞ ባጃጅ የሚነዳ ደንበኛዬ መጣ። «አያ፣ እስቲ ይኸን እየው» ብሎ ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቀነው። ቴሌግራም ነው። ገና ያልወጣ የሳምሰንግ ስልክ በአንድ እጅ ተይዞ ጀርባው ይታያል፤ ከሥሩ «በእጄ ነው ያለው፣ በዓይኔ አይቼ ነው የምነግራችሁ፣ አምስት ፍሬ ብቻ፣ ቀብድ ያስያዘ ይቀድማል» ይላል። ልጁ ምክር ሊጠይቅ አልነበረም የመጣው። የራሱን ደህና ስልክ እንድገዛውና ለቀብዱ እንዲሆነው ነበር።

አልገዛሁትም። በርጩማ አቅርቤ «ቁጭ በልማ» አልኩትና አብረን መረመርነው። ከዚህ በታች ያለው ያን ቀን የሄድንበት መንገድ ነው። በቅደም ተከተል ብትሄዱበት ቡና ተፈልቶ አቦል እስኪቀርብ ያልቃል።

አንደኛ፦ ግሡን ያዙ

በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት የቀረበ ምስክር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «በዓይንህ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?» ተብሎ ነው። የሰማ ሰው ይከበራል፣ ይደመጣል፤ ግን ድንበር በእሱ ቃል አይካለልም። ስልክ ላይ ይህን የሚጠይቅ ሽማግሌ ስለሌለ ጠያቂው እናንተ ናችሁ።

የምትጀምሩት ከግሡ ነው። አማርኛ ባለቤቱን የሚሸሽግ ግሥ አያጣም፦ ታየ፣ ተባለ፣ ታወቀ፣ ተረጋገጠ፣ ሾልኮ ወጣ። «አዲሱ አይፎን ታየ» ሲል ያየው ማን ነው? ዓረፍተ ነገሩን «እገሌ አየ» ወደሚል መልሱትና በእገሌ ቦታ የሚገባ ስም ፈልጉ። ካጣችሁ ምስክር የለም፤ በእጃችሁ ያለው ወሬ ብቻ ነው። ወሬ ማንበብ ሐጢአት አይደለም፤ እኔም ማታ ማታ አነብባለሁ።

ስም ከተገኘ ደግሞ ምን እንዳየ ለዩ። ቀፎውን በእጁ የያዘ አለ። የቀፎውን ፎቶ ያየ አለ። ያየ ሰው የነገረው አለ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ግን ሥዕል ያየው ነው። ኦንሊክስ በሚል ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊ ለዓመታት የሚያወጣው ከፋብሪካ ልኬት ተነሥቶ በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ነው፤ ሥዕል መሆኑንም አይደብቅም። ያ ሥዕል ግን ከቻናል ቻናል ሲዘዋወር «ሥዕል» የሚለው ቃል መንገድ ላይ ይወድቃል። አምስተኛው ቻናል ላይ ሲደርስ «ፎቶ» ሆኗል፤ ሰባተኛው ላይ «በእጃችን ገባ» ይባላል። ቴሌግራም ላይ ከጽሑፉ በላይ ከየት እንደተላለፈ የሚያሳይ መስመር ካለ ተጫኑት፤ ወደ ምንጩ ይወስዳችኋል። እዚያም የሌላ ምንጭ ሊንክ ካለ እሱንም ተጫኑ። መንገዱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ያለውን ቃል አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ወደ እናንተ ከደረሰው የለዘበ ነው።

የባጃጁ ልጅ ይዞት የመጣው በዚህ በኩል ጠንካራ ነበር፤ «በዓይኔ» ይላል፣ «በእጄ» ይላል። ስም ግን የለውም። ቻናሉ ማንነቱ የማይታወቅ ነው፤ ከሥሩ ያለውም የቴሌብር ቁጥር ብቻ።

ሁለተኛ፦ በዚህ ጊዜ የሚታይ ነገር ይኖራል?

«ያልወጣ ስልክ ማየት አይቻልም» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ይቻላል። በ2010 (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አንድ የአፕል ኢንጂነር ካሊፎርኒያ ሬድዉድ ሲቲ ውስጥ ቢራ ሲጠጣ አምሽቶ የሙከራ ቀፎውን ረስቶ ወጣ። ቀፎው የድሮውን አይፎን 3ጂኤስ እንዲመስል በካቨር ተሸፍኖ ነበር። ካቨሩ ሲወልቅ ሌላ ስልክ ሆኖ ተገኘ። ጊዝሞዶ የተባለው ድረ ገጽ 5,000 ዶላር ከፍሎ ወሰደውና በኤፕሪል ፈታትቶ ለዓለም አሳየው። አፕል ራሱ አይፎን 4ን ያስተዋወቀው ከዚያ በኋላ በጁን 7 ነው። በ2018 የጉግል ፒክስል 3 ኤክስ ኤል ከመመረቁ ሳምንታት ቀደም ብሎ ከነካርቶኑ ምሥራቅ አውሮፓ ባሉ ብሎገሮች እጅ ገብቶ ነበር። በ2024 ደግሞ ከሁዋዌ ኃላፊዎች አንዱ የሆነው ሪቻርድ ዩ ሁለት ቦታ የሚታጠፈውን ባለ ሦስት ክፍል ስልክ ሕዝብ መሀል ይዞ ታየ፤ ስልኩ በወሩ ገደማ፣ በሴፕቴምበር 10፣ ተመረቀ።

እነዚህን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ወይ ያየው ሰው ከሠሪዎቹ ደጃፍ ነው፣ ወይ ምረቃው ደርሷል። ሌላም አለ፤ በ2012 ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 3ን ሲሠራ ሠራተኞቹ የሙከራውን ቀፎ ይዘውት የሚዞሩት ቅርጹ እንዳይታወቅ በሐሰተኛ ሳጥን ውስጥ ከትተው ነበር። በዚያ ወቅት እውነተኛ ምስክር ቢጠየቅ «አስቀያሚ ሳጥን አየሁ» ነበር የሚለው። ስለዚህ ምረቃው ገና ዓመት ሲቀረው አምሮ፣ ተወልውሎ፣ ሙሉ ሆኖ የታየ ስልክ ይልቁን ያጠራጥራል።

አንድ ስልክ ገበያ እስኪደርስ የሚያልፍባቸውን እርከኖች ማወቅ ይረዳል። መጀመሪያ የኢንጂነሪንግ ሙከራ፣ ቀጥሎ የዲዛይን ሙከራ፣ ከዚያ የምርት ሙከራ ይደረጋል። በመጀመሪያው ቀፎውን የሚያዩት ጥቂት ናቸው፣ ስክሪኑ ላይ የሚሠራውም እኛ የምናውቀው ገጽ ላይሆን ይችላል፤ የሙከራ ፕሮግራም ብቻ ይጫንበታል። የምርት ሙከራው ሲደርስ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ካርቶን አታሚው፣ ካቨር ሠሪው ሁሉ ያውቁታል። መጨረሻ ላይ ወደ ቸርቻሪ መጋዘን ይጫናል፤ ሱቆች ከቀኑ በፊት የሚከፍቱት ያኔ ነው። ወሬው እውነት የመሆን ዕድሉ ወደ ምረቃው በተጠጋ ቁጥር ይጨምራል።

ቀኑን ማስላት ለእኛ ቀላል ነው። አይፎን ብዙ ጊዜ የሚተዋወቀው እንቁጣጣሽ አካባቢ ነው። አይፎን 15 የተዋወቀው በ2023 ሴፕቴምበር 12፣ ማለትም በመስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር፤ እኛ ቤት ዶሮው ገና አላለቀም። አይፎን 16 በጳጉሜን 4 ቀን መጣ። ከልማዱ የወጣበትም ጊዜ አለ፤ በ2020 አይፎን 12 ወደ ኦክቶበር ተንሸራቷል። የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ ቤተሰብ ደግሞ በ2023፣ በ2024ና በ2025 ሦስቱንም ጊዜ በእኛ ጥር ወር ነው የተዋወቀው፤ በጥምቀት ሰሞን ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በሰኔ መጥቶ «የሚመጣው ጥር የሚወጣውን ሳምሰንግ ይዣለሁ» ሲላችሁ፣ በጣት መቁጠር ይበቃል።

ከዚያ መንገዱን አስቡ። ቀፎው ከቻይናው ሼንዠን ወይም ከኮሪያው ሱዎን ተነሥቶ፣ ጠባቂ ሁሉ ሳያየው አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ደጀን ወጥቶ፣ አምስት ፍሬ ሆኖ ማርቆስ ለሽያጭ የሚቀርብበት ምክንያት ምንድን ነው? ለጊዝሞዶ 5,000 ዶላር የሚያወጣ ነገር ለእኛ በቀብድ ይሸጣል?

አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። መታየት ብቻውን መምጣት አይደለም። አፕል ኤርፓወር የሚባለውን የቻርጀር ምንጣፍ በ2017 በራሱ መድረክ፣ በራሱ አፍ አስተዋውቆ በ2019 ማርች «ትቼዋለሁ» አለ። ሲጠብቁ የከረሙት ሰዎች ላም አለኝ በሰማይ ሆነባቸው።

ሦስተኛ፦ ፎቶውን አገላብጣችሁ እዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ብዙው ነገር የሚገኘው ከዚህ ነው። ቢቸና ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ነጭ አይቶ አይከፍልም፤ ክንዱን እስከ ክርኑ ከትቶ ከሥሩ ይዘግናል። ፎቶም ከሥሩ ይዘገናል።

ፎቶውን ወደ ስልካችሁ አውርዱና በጉግል ሌንስ ፈልጉት፤ የጉግል ፎቶ መተግበሪያ ውስጥ ከፍታችሁ የሌንስ ምልክቱን መጫን ነው። ካልተገኘ ጀርባውን ብቻ ቆርጣችሁ እንደገና ሞክሩ። ቲንአይ የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ ካዘዛችሁት ውጤቱን ከጥንቱ ጀምሮ ይደረድርላችኋል፤ «ዛሬ አነሣሁት» የተባለ ፎቶ ከስምንት ወር በፊት ሌላ አገር ወጥቶ ከተገኘ ምርመራው አለቀ።

ብልጥ የሆነው ሰው ግን ፎቶው እንዳይገኝበት እንደ መስታወት ገልብጦ ይለጥፈዋል። ይህን ለመያዝ ቁልፎቹን እዩ። የአይፎን የድምፅ ቁልፎች ከፊት ስታዩት በግራ ናቸው፣ የማብሪያው በቀኝ፤ በቅርብ ዓመታት የጋላክሲ ኤስ ስልኮች ሁሉም ቁልፎች በቀኝ ናቸው። ፎቶው ከጀርባ ከሆነ ግራና ቀኙ እንደሚለዋወጥ አትርሱ። ከስልኩ ኋላ ያለ ታርጋ ወይም ልብስ ላይ ያለ ጽሑፍ ወደ ኋላ የሚነበብ ከሆነም ተገልብጧል። ጥጉ ላይ ደብዘዝ ያለ ነጠብጣብ ካለ የሰው ምልክት የተፋቀበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

አሁን ስክሪኑን። ሰዓቱ ስንት ይላል? አፕል በማስታወቂያው ላይ ያለው አይፎን ሁሉ 9:41 ነው የሚለው። «ጓደኛዬ ፋብሪካ ውስጥ በድብቅ አነሣው» የተባለ ስልክ 9:41 ላይ ከቆመ፣ ጓደኛው በትክክል በዚያች ደቂቃ አንሥቶት ይሆናል፤ እኔ ግን ከማስታወቂያ ላይ ተነሥቶ የተለጠፈ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ከላይ ያለው የኔትወርክ ስምስ? ሻጩ አዲስ አበባ ነኝ እያለ ስክሪኑ ላይ የቻይና ኦፕሬተር ከተጻፈ ጠይቁት።

መብራት የበራ ስክሪን በያዘው ጣት ጠርዝ ላይ ትንሽ ብርሃን ይጥላል፤ የክፍሉ መስኮትም መስታወቱ ላይ ይንጸባረቃል። ይህ ሁሉ ከሌለ፣ ጥላው ወደ አንድ ወገን ሆኖ የጣቱ ጥላ ወደ ሌላ ከሆነ፣ ወይ ሥዕል ነው ወይ ዳሚ ነው። ዳሚ ማለት የማይሠራ ባዶ ቀፎ ነው። ካቨር ሠሪዎች ልኬት ለመውሰድ የሚጠቀሙበት ሲሆን ስክሪኑ የተለጠፈ ወረቀት ወይም ጥቁር መስታወት ነው። ዳሚው ራሱ በእጅ የሚያዝ እውነተኛ ነገር ስለሆነ፣ «በእጄ ይዤዋለሁ» ያለው ሰው ሳይዋሽ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ይህን ቶሎ ይይዘዋል፤ ሰሙ ስልክ ነው፣ ወርቁ ብረት።

እኔን የበላኝ ይኸው ዳሚ ነው። ፎቶው እውነተኛ ፎቶ ነበር፤ እጁም የሰው እጅ። ዳሚው የተሠራበት ልኬት ግን ወይ ግምት ነው ወይ ኋላ የተሻረ ዲዛይን። እንደ እኔ የተሸወዱ ትላልቆችም አሉ ብዬ የምጽናናው በ2011ዱ ነገር ነው። ያን ዓመት «አይፎን 5 ወደ ታች እየሳሳ የሚሄድ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ ነው» ተብሎ ዓለም አወራ፤ ካቨር ሠሪዎችም አምነው ሠሩ። ኦክቶበር 4 ላይ የተዋወቀው አይፎን 4ኤስ ቅርጹ ያው የቀድሞው አይፎን 4 ነበር። እነሱ ስንት ምስማር እንዳስፈለጋቸው እግዜር ይወቅ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስል ሲሆን ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አጉሉት። ትልቁ ስም ልክ ሆኖ ከሥሩ ያለው ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ጭረት ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፦ የያዘ ሰው ብቻ ሊሰጥ የሚችለውን ጠይቁ

ተጨማሪ ፎቶ አትጠይቁ፤ ፎቶ ካለው ቦታ ሌላም ይገኛል። የምትጠይቁት ለእናንተ ተብሎ ዛሬ ካልተሠራ በስተቀር ሊኖር የማይችል ነገር ነው። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «የዛሬን ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ በግዕዝ ቁጥር፣ በእስክርቢቶ ወረቀት ላይ ጻፍልኝ፤ ስልኩን ወረቀቱ ላይ አስቀምጠህ እያዞርህ ቪዲዮ ቅረጽ።» ወረቀቱ ሲጨማደድ፣ ጥላው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ፎቶ ልላክ ካለ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፋይል እንዲልከው ጠይቁ። እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ይጨመቃል፣ የተነሣበትን ቀንና የካሜራውን ስም የያዘው መረጃም ይጠፋል፤ በፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይመጣል። መረጃው መቀየር ስለሚችል አለመኖሩም መኖሩም ብቻውን አይፈርድም።

ስልኩ ላይ *#06# ተጭኖ የሚመጣውን ባለ 15 አሐዝ ቁጥር መጠየቅም ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ 8 አሐዞች ሞዴሉን የሚለዩ ናቸው። የመጨረሻው አሐዝ ደግሞ የሒሳብ መፈተሻ ነው፤ የፈጠራ ቁጥር የሚሰጣችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል። አሠራሩን በወረቀት ላሳያችሁ። ለምሳሌ በብዙ ማስተማሪያ ላይ የሚገኘውን 490154203237518 ውሰዱ። ከግራ ጀምራችሁ ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ እንዲህ እያለ እስከ አሥራ አራተኛው ያለውን በ2 አባዙ፦ 9 ወደ 18፣ 1 ወደ 2፣ 4 ወደ 8፣ 0 ያው 0፣ 2 ወደ 4፣ 7 ወደ 14፣ 1 ወደ 2። ሁለት አሐዝ የሆነውን እርስ በርሱ ደምሩት፤ 18 ያው 9 ይሆናል፣ 14 ደግሞ 5። አሁን ያልተባዙትንም ጨምራችሁ ሁሉንም ደምሩ። 60 ይመጣል። ድምሩ በ10 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቁጥሩ አሠራሩን ጠብቋል። ካልተካፈለ ሐሰተኛ ነው፣ ሌላ ክርክር የለም። ሲካፈል ግን ገና አልተረጋገጠም፤ ኮፒ ስልክ የሚሠሩ ሰዎች የእውነተኛ ስልክ ቁጥር ገልብጠው ይጠቀማሉ። የራሳችሁን ቁጥር ደግሞ ለማንም በአደባባይ አትለጥፉ።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን። እውነተኛውን የሙከራ ቀፎ የያዘ ሰው ይህን ቁጥር በጭራሽ አይሰጣችሁም፤ ማንነቱን ያጋልጥበታልና። በ2017 የአንድ የአፕል ኢንጂነር ልጅ ተዋውቆ ገና ለገበያ ያልወጣውን አይፎን ኤክስ አባቷ ሥራ ቦታ ቀርጻ ዩቲዩብ ላይ ለቀቀች፤ አባትየው ከሥራ ተባረረ። የእውነት ያየ ሰው የሚያጣው ነገር ስላለ ይደበቃል፣ ያጉተመትማል፣ ፎቶውንም ጠርዙን ቆርጦ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ እምቢ ማለቱ ብቻውን ውሸታም አያደርገውም። የማይገጥመው እምቢታና ቀብድ አንድ ላይ ሲመጡ ነው። በፍርሃት የሚደበቅ ሰው የቴሌብር ቁጥሩን ከፎቶው ሥር አይለጥፍም።

አምስተኛ፦ የምስክሩን ያለፈ ታሪክ ገልብጡ

ቻናሉ ውስጥ ገብታችሁ በመፈለጊያው የዓምናውን ስልክ ስም ጻፉ። ሳይወጣ በፊት ምን ብሎ ነበር? የተባለው ሆነ? ከወጣ በኋላ የተስተካከለ ጽሑፍ ከሆነ ቴሌግራም «ተስተካክሏል» የሚል ምልክት ያሳያል። አንዳንዱ ደግሞ «ካሜራው ሦስት ነው»፣ «አራት ነው» ብሎ ሁለቱንም ይለጥፍና የሳተውን ያጠፋል፤ የቀረው ሲነበብ ነቢይ ይመስላል። የጽሑፎቹ ብዛት ወሩን በሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖ በምረቃው ሰሞን ከሳሳ፣ የጠፋ ነገር አለ።

ታማኝ የሚባሉትም ይስታሉ። በ2021 የአፕል ሰዓት 7 ጠርዙ ጠፍጣፋ ይሆናል ተብሎ ሥዕሉ ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ ሰዓቱ ሲመጣ እንደ ድሮው ክብ ጠርዝ ነው። እንዲህ ሲሆን የምመለከተው መሳታቸውን አይደለም፣ ከሳቱ በኋላ ያደረጉትን ነው። «ተሳስቼ ነበር» ብሎ ያቆየውን ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ አምነዋለሁ።

አሥር ቻናል ስላወራውም አትደንግጡ። አሥሩም ከአንዱ ከቀዱት ምስክሩ አንድ ነው።

ስድስተኛ፦ የመንግሥት መዝገብ

ይህ ለሚጓጓ ሰው ነው፤ የቸኮለ ይለፈው። እንደ ስልክ ያለ የሬዲዮ ሞገድ የሚልክ ዕቃ ከመሸጡ በፊት በየአገሩ ይመዘገባል። አሜሪካ ኤፍሲሲ፣ ቻይና ቴና የሚባል መዝገብ አላቸው፤ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። የቻይናው አንዳንዴ ፎቶ ሳይቀር ያወጣል። የአሜሪካው ሞዴል ቁጥሩን ያሳይና ፎቶውን ኩባንያው ከጠየቀ እስከ 180 ቀን ድረስ ይይዘዋል። ስልኩ መኖሩን ከዚህ ታረጋግጣላችሁ፤ እገሌ እጅ መግባቱን ግን አይነግራችሁም። አንዳንዴ ደግሞ ኩባንያው ራሱ ይቀድማል፤ ጉግል በ2019 ጁን ላይ የፒክስል 4ን ጀርባ ራሱ ለጥፎ ወሬኞቹን ሥራ አስፈታቸው፤ ስልኩ የተመረቀው በኦክቶበር ነው።

ሰባተኛ፦ ብታምኑ የምታጡት ምንድን ነው?

ወሬው የሚያስከፍለው ጉጉት ብቻ ከሆነ እመኑትም ተጠራጠሩትም፣ ማንም አይጎዳም። ገንዘብ ሲመጣ ግን ሕጌ አጭር ነው፦ ላልተመረቀ ስልክ ቀብድ የለም። የያዛችሁትን ስልክም «ሊረክስ ነው» በሚል ወሬ አትሽጡ፤ ስልካችሁ ወሬው ከመጣበት ማታ ይልቅ በማግስቱ የባሰ አይደውልም።

«የአዲሱ ስልክ ግድግዳ ምስል»፣ «የአዲሱ ስልክ ካሜራ» እየተባለ የሚላክ ኤፒኬ (የመተግበሪያ መጫኛ) ፋይል አትጫኑ። ምስል ከሆነ ምስል ሆኖ ይላካል፤ ምስል ለማየት የኤስኤምኤስ ፈቃድ የሚጠይቅ ፕሮግራም የሚፈልገው የባንክ ኮዳችሁን ነው። ስልኩ ተጠግኖ እንዲመለስላቸው እኔ ጋ ይዘው የሚመጡ አሉ። ስልኩን አጸዳዋለሁ፤ ብሩን ግን ከየት አመጣዋለሁ?

ቀፎው በአካል ከቀረበላችሁ ደግሞ፣ ገና ያልወጣ ስልክ ስም የተጻፈበት ኮፒ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ሳምሰንግ ነኝ የሚል ከሆነ *#0*# ጫኑ፤ በእውነተኛው ላይ የስክሪንና የካሜራ መፈተሻ ገጽ ይመጣል፣ በኮፒው ላይ ብዙውን ጊዜ ምንም አይመጣም። ሴቲንጉ «1 ቴራባይት» ቢል አትደነቁ፤ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ትልልቅ ቪዲዮዎች ጫኑበትና ወደ ኋላ ተመልሳችሁ የመጀመሪያውን ክፈቱ፤ ካልተከፈተ የተጻፈው ቦታ የለም። ሲፒዩ ዜድ የሚባለውን መተግበሪያ ጭናችሁ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የስልኩ አንጎል፣ ከተባለው ጋር ይገጥም እንደሆነ እዩ።

የባጃጁ ልጅ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ነው ፊቱ የተለወጠው። ፎቶውን በሌንስ ስንፈልገው ሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ «ዳሚ» ተብሎ ወጥቶ አገኘነው። ልጁ ግን ገና ተስፋ አልቆረጠም። «ምናልባት እሱም ከዚያው የገዛው ይሆናል፣ አያ።» እንግዲያስ ጠይቀው አልኩት። የዛሬውን ቀን በወረቀት ጽፎ እንዲያሳየው ጻፈለት።

መልሱ በአራት ደቂቃ መጣ። ያው ፎቶ፣ ያው እጅ፣ አዲስ ነገር ቢኖር መሀሉ ላይ ቀይ ሆኖ የተጻፈ የፈረንጅ ቀን ነው። ቁጥሮቹ አውራ ጣቱን አቋርጠው አልፈዋል፤ ጣቱ ላይ እንደተነቀሰ። «ይኸ ሰውዬ እጁ ላይ ነው እንዴ የሚጽፈው?» አለና መሣቅ ጀመረ። ወረቀቱ የታለ ብሎ ሲጽፍለት ብሎክ አደረገው። ልጁ የሻይ ከፍሎልኝ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

ካቨሮቹ ከ40ው 37ቱ አሁንም ምስማሩ ላይ አሉ። ሦስቱን የሰፈር ልጆች ለመጫወቻ ወሰዷቸው። የሚገጥምለት ስልክ ያለው ሰው ካለ ይምጣ፤ በነፃ ነው።